«ካረጁ አይበጁ» እና የጉርድ ሾላ ባቡር

ስለ ትምህርት ሁለት እምነቶች በአንድ አፍ ሲነገሩ ይሰማል። አንዱ «ካረጁ አይበጁ» ነው፤ መማር የልጅነት ሥራ ነው፣ ዕድሜ ከገፋ ጭንቅላት አዲስ ነገር አይቀበልም የሚል። ሁለተኛው የምርቃት ሪባን በተቆረጠ ቁጥር የሚደመጠው ነው፦ ቴክኖሎጂው ይግባ እንጂ ዕውቀቱ ተከትሎት ይመጣል። አንዱ ተስፋ ይቆርጣል፣ ሌላው ተስፋ ያበዛል፤ መሠረታቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም ዕውቀትን እንደ እህል ያዩታል። ለመጀመሪያው ጎተራው ካረጀ አይይዝም፤ ለሁለተኛው ጭነቱ በር ላይ ከደረሰ ጎተራው ሞላ ማለት ነው።

የዕድሜውን ነገር ለማፍረስ ማስረጃ ከሩቅ አይፈለግም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲያርስ የኖረውን ጎልማሳና ልጅ አሳድጋ የጨረሰችውን እናት ፊደል አስቆጥሯል፤ ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር፤ ለአገሪቱም ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። የውጭ ምስክር ካስፈለገም የአንጎል ተመራማሪዋ ኤሌኖር ማጓየር በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ጥናት አለ። የለንደን ታክሲ ነጂዎች አንጎል ሲመረመር፣ ቦታን ለማስታወስ የሚያገለግለው ክፍል የኋላ ጎኑ ከሌላው ሰው ሰፍቶ ተገኘ። ከዓመታት በኋላ በተደረገው ክትትል ደግሞ ለውጡ የታየው የከተማዋን መንገዶች አጥንተው ፈተናውን ባለፉት ላይ ነበር። ሁሉም አዋቂዎች ናቸው። ዕድሜ ምንም አይቀንስም ማለት ግን አይደለም፤ አዲስ ነገር የምንይዝበት ፍጥነት በእርግጥ ይቀንሳል። ሆኖም መዘግየትና አለመቻል ለየቅል ናቸው።

«ታዲያ ያ ሁሉ የዘመቻ ተማሪ የት ገባ?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. ገደማ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችለው አዋቂ ከ40 በመቶ በታች ነበር። ፊደል የቆጠሩ ብዙ ሰዎች መልሰው ረስተዋል። ያስረሳቸው ግን እርጅና አይመስለኝም። የምስክር ወረቀቱ በእጃቸው ከገባ በኋላ በቀያቸው የሚነበብ ጋዜጣ፣ የሚሞላ ቅጽ፣ የሚጻፍ ደብዳቤ እምብዛም አልነበረም። ያልተሠራበት ዕውቀት በሃያ ዓመት ወጣት ላይም ይጠፋል።

ሁለተኛው እምነት የሚወድቀው እዚሁ ላይ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ የመምህር እጥረትና የጥራት ችግር መፍትሔ ተብሎ ነበር። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ለሁሉም በአንድ ሰዓት ይተላለፋል፤ አይቆምም፣ ወደ ኋላም አይመለስም። ለመምህሩ የተረፈው ከፊትና ከኋላ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ከመስታወቱ ወዲያ የሚያየው የለም። አሁን ግን ኢንተርኔት አለ፣ ቪዲዮውን ማቆምም መድገምም ይቻላል ይባላል። ይቻላል። ነገር ግን የሃርቫርድና የኤም አይ ቲ የኦንላይን ኮርሶች መረጃ ተመርምሮ በ2019 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ከ100 ተመዝጋቢ የጨረሰው 3 ገደማ ነበር፤ ለምስክር ወረቀት ከከፈሉት መካከል ግን 46 በመቶው ጨርሰዋል። ቪዲዮው ያው አንድ ነው፤ የሚለየው ተማሪው ለመጨረስ ያለው ምክንያት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች የኦንላይን ሥልጠናም ስንት ሰው ተመዘገበ ተብሎ ብቻ ከተመዘነ፣ የሚለካው የሰዉ ጉጉት እንጂ ዕውቀቱ አይሆንም።

ከአያት ተነሥቶ በጉርድ ሾላ ወደ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ደግሞ ጉዳዩን ያወሳስበዋል። ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ በ2015 ከከተማዋ 41 ባቡሮች የሚንቀሳቀሱት 8 ያህል ብቻ እንደነበሩ ተዘግቧል። ችግሩ የዕውቀት ሳይሆን የዶላር ነው ብሎ የሚከራከር ሰው አብዛኛውን እውነት ይዟል፤ መለዋወጫ ከሌለ ሊቅ ጠጋኝም ባዶ እጁን ነው። ነገር ግን ባቡሩ ቆሞ በከረመ ቁጥር የጠጋኙም እጅ አብሮ ይዝጋል፤ ልክ ፊደል ቆጥሮ የሚያነበው እንዳጣው ገበሬ።

የዚህን ተቃራኒ፣ በየቀኑ የሚሠራበትን ዕውቀት፣ ያየነው የነዳጅ ማደያ ላይ ነው። በሚያዝያ 2015 አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ሲቀር፣ ከመገናኛ ጉርድ ሾላ የሚመላለሱ አንጋፋ ሹፌሮች አዳራሽ ገብተው አልሠለጠኑም። የስልክ ክፍያውን ቴሌብርን የለመዱት በጥሬ ገንዘብ ስለማይቀዳላቸው፣ ነገሩ በየቀኑ ስለሚደጋገምና አጠገባቸው የሚጠየቅ ረዳት ወይም ቀጂ ስለነበረ ነው። «ቁልፍ መጫን ደግሞ ትምህርት ነው እንዴ?» ቢባል ግማሹን እቀበላለሁ። የሚስጥር ቁጥሩን ነግሮ ስልኩን ለሌላ የሚያቀብል ሰው ተገለገለ እንጂ አልተማረም። ልዩነቱ ማደያው ላይ አይታይም። የሚታየው አንድ ቀን የማይታወቅ ሰው ደውሎ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ሽልማት ደርሶዎታል» ሲል ነው፤ ደዋዩም የሚጠይቀው ያንኑ ቁጥር ነው።