በወንዝ ዳር የጠጅ መቅመሻ ቤት ስለ መሥራት

በላስታ የሚገኙ የንብ አናቢዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ማራቸውን ሁሉ በጥሬው ከመሸጥ ይልቅ ከፊሉን ጠጅ ጥለው ለእንግዳ ቢያቀርቡ የተሻለ ገቢ ሊያገኙ ይችላሉ። ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣ መንገደኛ ከላሊበላ ከተማ ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይደርሳል። ሲመለስ ጉልበቱ ዝሎ፣ ጉሮሮው ደርቆ ነው። ከተራራው ሥር፣ ጅረት አጠገብ የሚያርፍበት ቤት ቢያገኝ እንደሚደሰት አያጠራጥርም። ሐሳቡን እንደግፋለን። ይሁን እንጂ ቤቱ ወደ ውኃው በቀረበ መጠን አደጋው ለማኅበሩም ለወንዙም ስለሚጨምር፣ ድንጋይ ከማስጠረብ በፊት ሊታሰብበት የሚገባውን እዚህ ላይ ለማብራራት እንሞክራለን።

በላስታ ዋናው ዝናብ የሚጥለው በሐምሌና በነሐሴ ነው። መሬቱ ገደላማ ስለሆነ ውኃው ሳይሰርግ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። በጥር ልጆች በድንጋይ ላይ እየረገጡ የሚሻገሩት ጅረት በነሐሴ ያንኑ ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። ቦታ የሚመረጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ በበጋ ነው፤ ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የልማት ሠራተኛው በዕድሜ የገፉ የአካባቢውን ነዋሪዎች ይዞ ወንዙን ይመልከት። ጎርፍ ያመጣው ጭራሮ በዛፍና በቋጥኝ ላይ ተሰክቶ የቀረበት ከፍታ የውኃውን ልክ ያሳያል። ቤቱ ከዚያ ልክ በላይ፣ ወንዙ ሲታጠፍ ከሚሸረሽረው ዳርቻም ርቆ መሠራት አለበት። ከበላዩ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ያስፈልገዋል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉት ጠራቢዎች እንኳ ለዝናቡ ውኃ መውረጃ አብረው ጠርበዋል። እንግዳው ወንዙን ከሰገነት ላይ ቢያየው በቂ ነው፤ እግሩን እንዲነክርበት አይጠበቅም።

ከጎርፉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚረሳው አምቡላው ነው። ጠጁ ሲጠለል የሚቀረው የጌሾና የሰፈፍ ቅሪት፣ እንዲሁም የጋን እጣቢው፣ ስኳርና እርሾ የበዛበት ነው። ወንዝ ውስጥ ሲጣል ተሕዋስያን ይራቡበታል፤ በውኃው ውስጥ ያለውን አየርም ይጨርሱታል። በበጋ ጅረቱ ሲያንስ ውኃው ይሸታል። ከታች ያለው ሰው ግን ከዚያው ይቀዳል፣ ከብቱንም ከዚያው ያጠጣል። ማኅበሩ ከጎረቤቶቹ ጋር የሚጣላበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አምቡላው ከደረቅ ቅጠልና ከአመድ ጋር ተደባልቆ በተከደነ የብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ ይግባ። እጣቢው ወደ ወንዝ ሳይሆን ወደ ጌሾ ተክል ማሳ ይፍሰስ። መጸዳጃ ቤቱ ከወንዙ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። የጅረት ውኃ ሳይፈላ ለብርዝም ሆነ ለብርጭቆ ማጠቢያ አይሁን።

ያልተከደነ አምቡላ ሌላም ጣጣ አለው። ንቦች ይሰበሰቡበታል፤ ገሚሶቹ እዚያው ሰጥመው ይቀራሉ። የማር ሽታ ከለመዱ በኋላ ደካማ ቀፎ ወደ መዝረፍ ይሄዳሉ። በመስኮቶቹ ላይ የሽቦ ወንፊት ማድረግ ይገባል። ቀፎዎቹም ከቤቱ መራቅ አለባቸው፤ የመጠጥና የሽቶ ሽታ ንብን ያስቆጣልና።

ለቤቱ አሠራር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። የላስታ ክብ፣ ባለ ደርብ የድንጋይ ቤት ለዚህ ሥራ የሚስማማ ነው። ምድር ቤቱ ለማርና ለደረሰ ጠጅ ማስቀመጫ፣ ደርቡ ለእንግዳ ይሆናል። በመፍላት ላይ ያለው ጠጅ ግን ከወንዝ ዳር ቅዝቃዜ ቢርቅ ይሻላል። በሞቃት ወቅት በ8 ቀን ገደማ የሚደርሰው በብርድ ከ15 እስከ 20 ቀን ሊፈጅ ይችላልና። ላሊበላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በበጋው ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለች። በሰሜን በኩል የተከፈተ መስኮት ስለዚህ ለዓይን የማይወጋ ብርሃን ይሰጣል። ውስጡ በነጭ ቢቀባ የጠጁ መልክ በትክክል ይታያል። ቡናና ዕጣን ደስ ይላሉ፤ ነገር ግን በመቅመሻው ክፍል ከተጨሱ የማሩ ሽታ ይጠፋል። የቡናው ቦታ በረንዳ ላይ ይሁን።

ስለ ብርሌ አንድ ነገር እንበል። ውበቱን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አፍንጫ አያስገባም። ለመቅመሻ አፉ ሰፋ ያለ ትንሽ ብርጭቆ ይቅረብ፤ የወደደው በኋላ በብርሌ ይጠጣ። ከተራራ የወረደ ሰው ስለሚደክመው ልኩ ትንሽ ይሁን፤ አስቀድሞም ውኃና ቅመም ያልበዛበት ዳቦ ይሰጠው። ብርዝ ከቤቱ መጥፋት የለበትም። በጾም ወራት ጠጅ የማይቀምስ ምእመን አለ፣ መጠጥ የማይነካ ሙስሊም እንግዳ አለ፣ ልጆችም አሉ። ቦታው የገዳም መንገድ በመሆኑ ከገዳሙ አባቶች ጋር አስቀድሞ መመካከር ግዴታ ነው እንላለን።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በወረርሽኙ፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ምክንያት ወደ ላሊበላ የሚመጣው የውጭ ጎብኚ ምን ያህል እንደቀነሰ ማኅበራቱ ራሳቸው አይተዋል። በእርሱ ላይ ብቻ ተመሥርቶ የማኅበሩን ቁጠባ በድንጋይ ላይ ማፍሰስ አይመከርም። በመጀመሪያው ዓመት ማሩ ከተቆረጠ በኋላ በተመረጠው ቦታ ላይ ዳስ ጥሎ መሞከር ይቻላል። የሚመጣው እንግዳ፣ የተሸጠው ጠጅና ብርዝ፣ የወጣው አምቡላም ሳይቀር በየቀኑ ይመዝገብ። ክረምቱ ሲገባ ዳሱ ፈርሶ በቦታው ላይ ምልክት ያላቸው ካስማዎች ይተከሉ፤ ውኃው የት ድረስ እንደደረሰ በመስከረም ይታያል።