መፋቂያ የማይደርስበት ቦታ

እኛ ተማሪዎች ለማስተማር ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ በመጣን ጊዜ አንድ ነገር ደስ አሰኘን። ጠዋት ጠዋት ሰው በየመንገዱ ጥርሱን ሲፍቅ አየን። የወይራ፣ የክትክታና የልምጭ መፋቂያ ጥርስን ያጠራል። ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነውና አንተወውም።

ታዲያ እየፋቅን ጥርሳችን ለምን ይበላል? ድዳችንስ ለምን ይደማል? ብዙ ሰው «ጥርሴን ትል በላው» ይላል። ነገሩ ግን ትል አይደለም።

በጥርሳችን ላይ ነጭና የሚያጣብቅ ቆሻሻ በየቀኑ ይጋገራል። በውስጡ በዓይን የማይታዩ ብዙ ጀርሞች አሉ። ጀርሞቹ ከጣፋጭና ከእህል ትርፍራፊ አሲድ ይሠራሉ። አሲድ እንደ ሎሚ የሚኮመጥጥ ነገር ነው፤ ጥርስን ቀስ በቀስ ይቦረቡራል። ቆሻሻው ሳይነሣ ከቆየ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ድድ ያብጣል፤ ይደማል። በመጨረሻም ጥርሱ ተነቃንቆ ይወልቃል። ጥርሱ ያለቀ ሰው ደግሞ ቆሎም ሥጋም አያኝክም።

ቆሻሻው በደንብ የሚደበቀው በጥርስና በጥርስ መካከል ነው። መፋቂያ እዚያ አይገባም። ይህን እናንተ ገበሬዎች ከማሳችሁ ታውቁታላችሁ። መሬት አንድ ጊዜ ሲታረስ በትልምና በትልም መካከል ያልታረሰ ይቀራል። ስለዚህ መስቀለኛ አድርጋችሁ ትደግሙታላችሁ። ጥርስም እንዲሁ ነው። መፋቂያ ፊቱን ያርሳል፤ መካከሉን የሚደግመው ክር ነው።

«በስንጥር እንጎረጉረዋለን» የሚል ይኖራል። ስንጥር የተሰካ ሥጋ ያወጣል፤ የተጣበቀውን ቆሻሻ ግን አይጠርግም፤ ድድንም ይወጋል።

ክሩ አዲስ ነገር አይደለም። ሌቪ ስፒር ፓርምሊ የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1819 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ሰም በተቀባ የሐር ክር የጥርሱን መካከል እንዲያጸዳ መክሯል።

አሁን የጥርስ ክር በከተማ መድኃኒት ቤት ይሸጣል። ጀርም የሚገድል መድኃኒት የተቀባም አለ። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን የክሩ መፋቅ ነው፤ መድኃኒቱ ረዳት ነው። የጥርስ ክር ከታጣ ንጹሕ፣ ቀጭንና ጠንካራ የስፌት ክር ይሆናል። የላላ ፈትል ግን ተበጥሶ በጥርስ መካከል ይቀራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. እጃችንን በሳሙና እንታጠብ።
2. አንድ ክንድ የሚያህል ክር ቆርጠን ጫፍና ጫፉን በሁለቱ የመሐል ጣቶቻችን ላይ እንጠምጥም።
3. በጥርስና በጥርስ መካከል ቀስ አድርገን እናስገባው። በኃይል ከተጫንነው ድድ ይቆርጣል።
4. ክሩን ከአንዱ ጥርስ ጎን አስጠግተን ወደ ላይና ወደ ታች እንፈቅፍቅ፤ ከዚያም የሌላውን ጎን።
5. ለሚቀጥለው ጥርስ ንጹሑን የክር ክፍል እንያዝ። አንዱ የተጠቀመበትን ሌላው አይንካው።

በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ከመተኛታችን በፊት ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድድ ትንሽ ቢደማ አንደንግጥ። ከሁለት ሳምንት በላይ ከደማ ግን ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። የተቦረቦረ ጥርስን ክር አያድንም፤ እሱም የሐኪም ሥራ ነው። ባልተቀቀለ ጉጠት ጥርስ ማስነቀል ሌላ በሽታ ያመጣል።

እንግዲህ ጠዋት መፋቂያ፣ ማታ ክር እንያዝ። ይህን ያነበበም ላላነበበው ጎረቤቱ ያንብብለት።