ውኃ ሲፈላ የሚበጠሰው ምንድን ነው?

ውኃ ሲፈላ ከድስቱ ሥር እየተነሣ የሚወጣው አረፋ ምን እንደሆነ ተማሪዎችን ብንጠይቅ፣ «ሃይድሮጂንና ኦክሲጂን ነው» የሚሉ አይጠፉም። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ሻይ በተፈላበት ምድጃ ሁሉ ፍንዳታ በተሰማ ነበር። አረፋው ያው ውኃ ነው፤ እንፋሎት ሆነ እንጂ አልተበታተነም። ቀዝቃዛ ክዳን ቢያዝበት ተመልሶ ይንጠባጠባል።

እንደሚታወቀው የውኃ ሞለኪውል አንድ የኦክሲጂንና ሁለት የሃይድሮጂን አቶሞች አሉት። ቅርጹም ቀጥ ያለ ሳይሆን በ104.5 ዲግሪ የታጠፈ ነው። ኦክሲጂን የጋራ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ስለሚስብ በመጠኑ አሉታዊ ሙል ሲኖረው፣ ሃይድሮጂኖቹ በመጠኑ አዎንታዊ ይሆናሉ። ስለዚህ የአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጂን የጎረቤቱን ኦክሲጂን ይስባል። የሃይድሮጂን ትስስር የሚባለው ይህ ነው።

መምህሩ አጥብቆ ሊያስረዳ የሚገባው የሁለቱን ትስስሮች የብርታት ልዩነት ነው። በሞለኪውሉ ውስጥ ሃይድሮጂንን ከኦክሲጂን ጋር ያያዘውን ለመበጠስ በአንድ ሞል 460 ኪሎ ጁል ያህል ያስፈልጋል፤ በሞለኪውሎች መካከል ላለው የሃይድሮጂን ትስስር ግን 20 ኪሎ ጁል ገደማ ይበቃል። ምድጃው የሚበጥሰው ይህንን ደካማውን ነው።

ደካማ ይሁን እንጂ ብዛት አለው። አንድ ሞለኪውል እስከ አራት ጎረቤቶች ይይዛል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው ነገሩ። የውኃ ዘመድ የሆነው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ሞለኪውሉ ከውኃ ሞለኪውል ይከብዳል፤ ሆኖም ከዜሮ በታች በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ውኃ ግን በባሕር ጠለል ላይ እስከ 100 ዲግሪ ይቆያል። (አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ተማሪው 100 ባያገኝ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል አይበል።)

የእንስራ ውኃ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሸክላው ሰርጎ የወጣው ውኃ ሲተን ትስስሩን ለመበጠስ በያንዳንዱ ግራም 2,400 ጁል ያህል ሙቀት ይፈልጋል፤ ይህንንም በአብዛኛው የሚወስደው ከእንስራውና በውስጡ ከቀረው ውኃ ነው።

በረዶ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሞለኪውሎቹ እያንዳንዳቸው አራት ጎረቤት ይዘው ሲደረደሩ በመካከላቸው ባዶ ቦታ ይተዋሉ፤ ስለሆነም ውኃው በረዶ ሲሆን ይዘቱ በ9 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፣ በረዶውም ይንሳፈፋል። ማቀዝቀዣ ባለበት ትምህርት ቤት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ሞልቶና ከድኖ ማሳደር ነው፤ ጠዋት ተወጥሮ ይገኛል። የመስታወት ጠርሙስ ግን ስለሚሰነጠቅ አይሞከር።