ያውቁ ኖሯል? ከጉና ሥር የሚያረጁ ወንዶች

የወንድ ልጅ ጆሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ይረዝማል! በዓመት የሚጨምረው ከሩብ ሚሊሜትር በታች ነው፤ በ50 ዓመት ግን አንድ ሴንቲሜትር ያህል ይጠራቀማል። በመጪው ሰንበቴ ከአንድ ጋይንቴ አዛውንት አጠገብ ሲቀመጡ ሰረቅ አድርገው ይመልከቱ!

ጆሮ ሲረዝም ቁመት ያጥራል! 80 ዓመት የሞላው ወንድ በጎልማሳነቱ ከነበረው ቁመት እስከ 5 ሴንቲሜትር ይቀንሳል። አባትዎ «የሠርጌ ኮት ረዘመብኝ» ቢሉዎ ይመኗቸው!

የነፋስ መውጫ ከተማ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ የሚኖር የአንዲስ ተራራ ሰው ደሙ ይወፍራል። የቲቤቱ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል። የአማራው ደገኛስ? አንዱም አይነካውም! ስሜን ተራሮች ውስጥ አምባራስ በምትባል መንደር፣ 3,530 ሜትር ላይ፣ ከ14 እስከ 86 ዓመት ያሉ ሰዎች ደማቸው ተመርምሮ ነበር። ውጤቱ ከባሕር ጠረፍ ነዋሪ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ! የ86 ዓመቱም ጭምር! ሳይንቲስቶቹ ምስጢሩን ለማግኘት ዛሬም ይቆፍራሉ፤ ደገኛው ግን ምንም ሳይመስለው በጎቹን ይዞ ዳገቱን ይወጣል!

በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ በ90 ዲግሪ ገደማ ነው! የባቄላው ንፍሮ አልበስል ሲል ጥርስዎን ብቻ አይውቀሱ!

አንድ ሄክታር መሬት አንድ ጊዜ ብቻ ለማረስ አንድ ገበሬ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ያውቁ ኖሯል? ትልም ከትልም 20 ሴንቲሜትር ቢራራቅ፣ 50 ኪሎ ሜትር! ከማራቶን ይበልጣል! ያውም እርፍ ጨብጦ፣ በሬ እየነዳ፣ ጅራፍ እያጮኸ! የጤፍ ማሳ አንዴ ታርሶ አይተውም። አራት ጊዜ ቢታረስ 200 ኪሎ ሜትር ይሞላል። ይህን ሁሉ ተጉዞ ማታ የሚገባው እዚያው የወጣበት ቤት ነው!

ዳገትና ቁልቁለት ለሰውነት እኩል አይደሉም! ዳገት መውጣት የደም ቅባትን ሲቀንስ፣ ቁልቁለት መውረድ ደግሞ ሰውነት ስኳርን የሚያስተናግድበትን አቅም ያሻሽላል። ከስማዳ ደጋ ወደ በሽሎ ቆላ ወርዶ የሚመለስ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጉዞ ያገኛል! ጉልበቱ ከቻለ፣ ማለት ነው።

በዓለም ላይ መቶ ዓመት ከሞላቸው አምስት ሰዎች አራቱ ያህል ሴቶች ናቸው! ይህ ሕግ የማይሠራበት አንድ ቦታ ግን አለ። የጣልያኗ ሰርዲኒያ ደሴት ተራራማው ክፍል! እዚያ መቶ የደፈኑት ወንዶች ከሴቶቹ ጋር እኩል ናቸው። ሥራቸው ምን ነበር? በግ መጠበቅ! የሚውሉት? ዳገት ላይ! የሚበሉት? የገብስ ዳቦ! የላይ ጋይንት ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ምኑ አዲስ ነገር ሆነ?» ማለቱ አይቀርም።

አንድ ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን ይጾማል፤ ካህንና መነኩሴ ከሆነ እስከ 250 ቀን ይደርሳል! ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም! የውጭ አገር ሰዎች ለዚህ አመጋገብ የዶክተር ምክር በገንዘብ ይገዛሉ።

በሶ ሆድን ከመያዝም በላይ ይሠራል! ገብስ ውስጥ ያለው ሟሚ አሰር ኮሌስትሮልን ያወርዳል። ተልባ ደግሞ ለልብ ይስማማል የሚባለውን የኦሜጋ 3 ቅባት በብዛት ይዟል፤ ባሕር ያላየ ደገኛ ይህን ቅባት ለማግኘት ዓሣ ማጥመድ አላስፈለገውም!

የኮሶ ዛፍ ወንድና ሴት አለው! መድኃኒቱ የሚወሰደው ከሴቴዋ አበባ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ኮሶን ከኛ አገር እያስመጡ ይሸጡ ነበር። የቀድሞ ወንዶች በየሁለት ወሩ ይጠጡት ነበር፤ የጠጡ ቀን ደግሞ ሰው አያናግሩም! ግን ይጠንቀቁ፤ መጠኑ ሲያልፍ ዓይን ይጎዳል።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ነው። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ምስክር የሚሰጥባት ደብር ናት፤ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት! ከመላ አገሪቱ የመጣ ተማሪ ዓመታቱን የሚጨርሰው በእነዚህ ደጆች ነው። ቤተልሔም ራሷም ዕድሜዋን ትደብቃለች! በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንድ እንግዳ ሲያያት ከውጭ ክብ የሣር ክዳን ነበረች፤ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ ሆና አገኛት!

ማኅሌት የሚቆም መሪጌታ ሌሊቱን ሙሉ በእግሩ ነው! 70 ዓመቱም ቢሆን! ያለው ድጋፍ አንዲት መቋሚያ ብቻ ናት፤ እሷንም ለዜማው ያነሣታል፣ ይጥላታል፣ ያወዛውዛታል። ቢሮ የሚውለው ልጁ ለሁለት ሰዓት ስብሰባ ወንበር ሲጠበው ያየ ሰው ምን ይላል?

ዕድሜ ሲገፋ የወንድ ድምፅ ይቀጥናል! የሴቷ ግን ይወፍራል! በእርጅና መንገድ መሐል ላይ የሚገናኙ ይመስላሉ።

ጆሮ ሲደክም መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው! ስለዚህ የጸናጽሉ ድምፅ ከከበሮው ቀድሞ ይርቃል። የልጅ ልጅ ሲያንሾካሹክ አልሰማ ያሉት አያት፣ ጎረቤታቸው በወፍራም ድምፅ «ጠላ ቀርቧል» ሲል የሚሰሙት ለዚህ ነው! (ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል።)

ደብረ ታቦር ላይ የገነነው የተክሌ አቋቋም የአለቃ ገብረ ሐና ሥራ ነው! አዎ፣ እኚያው በቀልዳቸው የምናውቃቸው አለቃ! ስሙ ግን የልጃቸው የተክሌ ሆኖ ቀረ።

በአንድ እግር ለ10 ሰከንድ መቆም ይችላሉ? ከ51 እስከ 75 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ተሞከረ። መቆም ያቃታቸው በተከታዮቹ ሰባት ዓመታት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከቆሙት በእጥፍ ገደማ በልጦ ተገኘ! ይሞክሩት! ግድግዳ አጠገብ ሆነው ግን!

የእጅ መጨበጥ ኃይልም ይናገራል! ጭብጡ የላላ ሰው ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጠ ነው። የእስቴ ገበሬ ሲጨብጥዎ ጣቶችዎ ቢንኮሻኮሹ ደስ ይበልዎ፤ እሱ ደኅና ነው!

ደቡብ ጎንደር ትራኮማ በዓለም ላይ አጥብቆ ከያዛቸው አካባቢዎች አንዱ ነው! የተቀለበሰ የዓይን ፀጉር ብሌኑን ሌት ተቀን ይፍቃል። ስንት ሰው ወረንጦ በአንገቱ አንጠልጥሎ ፀጉሩን እየነቀለ አረጀ! ቀዶ ጥገናውን ግን የሠለጠነ ነርስ እዚያው ጤና ጣቢያ ይሠራዋል! በአገራችን ከታወሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ደግሞ የዓይን ሞራ ነው፤ የእሱም ቀዶ ጥገና ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም!

ፕሮስቴት የምትባል ዕጢ አለች። በጎልማሳ ወንድ 20 ግራም ያህል ብትመዝን ነው! ሌላው አካል ሲከሳ እሷ ትወፍራለች። ከ50 እስከ 60 ባለው ዕድሜ ካሉት ወንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ አድጋ ትገኛለች! ሌሊት አራት ጊዜ ተነሥቶ በጉና ውርጭ ደጅ የሚወጣው ሰው ብርዱን ይረግማል፤ ጥፋቱ የእሷ ነው! አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ መድኃኒትም አላት። ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ደም ከቀላቀለ ግን ሽንት ማጥ ነው ብለው ሥር አያስቀቅሉ፤ ሐኪም ቤት ይሂዱ!

ታዲያ ወንዱ ለምን አይናገርም? ገጠር ውስጥ ቤት ለቤት የምትመጣው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሴት ናት፤ ብዙ ጊዜም በልጁ ዕድሜ! ሽምግልና ተቀምጦ ደም የሚያደርቅ አባወራ፣ ስለ ሽንቱ ለአንዲት ልጅ መንገር ከሞት ይብስበታል! በእኔ አስተያየት ጤና ጣቢያዎቻችን ለዚህ አንድ ዘዴ ቢፈልጉ አይበዛባቸውም።

ወንድን ወንድ የሚያደርገው ዋይ ክሮሞዞም ከደም ሕዋሳት እየሾለከ ይጠፋል! 70 ዓመት ከሞላቸው ወንዶች 40 በመቶ ያህሉ ከደም ሕዋሳታቸው በከፊሉ ውስጥ የላቸውም። ሲጋራ የሚያጨስ ደግሞ ቶሎ ያጣዋል!

ጨጨሆ ገደል ላይ የሚኖሩት ጭላዳዎችም ጡረታ ይወጣሉ! አውራው ወንድ ደረቱ ፍም ይመስላል። አንድ ቀን ጎረምሳ መጥቶ ሚስቶቹን ይቀማዋል፤ የደረቱም ቅላት ይደበዝዛል። ተሰድዶ ይሄዳል ብለው አስበው ነበር? ብዙ ጊዜ አይሄድም! እዚያው መንጋ ውስጥ ቀርቶ ልጆቹ አጠገብ ያረጃል። የተረታበት ጎረምሳም ዝም ይለዋል!

የጉናው ጅብራ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው! ዓመታት ሙሉ አንዲት አበባ አያወጣም። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሰው ቁመት ብዙ በልጦ ያብባል፤ ዘሩን በትኖ ይሞታል!

አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከጋፋት ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ዕድሜያቸው 50 ገደማ ነበር! 7 ቶን የሚያህለው መድፍ በጋይንት ምድር አልፎ ወራት ፈጀ። ንጉሡ ቆመው አላዩም፤ መንገዱ ሲጠረግ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር!

ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር! በዚያ አላበቃም። በ40 ዓመቱ ሙኒክ ላይ ነሐስ አገኘ! ያውም ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ!

ቀነኒሳ በቀለ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ጨረሰ። ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ወንድ እስከዚያ ቀን እንዲህ ሮጦ አያውቅም! ታምራት ቶላ ደግሞ በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ሲያጠልቅ በማግስቱ 33 ዓመት ይሞላው ነበር!

ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ወስዶ ዓለምን ያስጨነቀው በሩጫው ብቻ አይደለም፤ በዕድሜውም ነው! ጋዜጠኞች ደጋግመው ጠየቁት። ቁርጡን ሳይነግራቸው ኖረ!

የመንግሥት ሠራተኛ 60 ሲሞላው ጡረታ ይወጣል። ገበሬው ግን የጡረታ ቀን የለውም! አቅም ሲያጣ በሬውን ለልጁ ያስረክባል፤ ሴፍቲኔት ባለባቸው የጋይንትና የስማዳ ቀበሌዎች ደግሞ አቅም ያጣ አዛውንት እርከን ሳይሠራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል።

በቦስተን ከተማ በ1938 (እ.ኤ.አ.) አንድ ጥናት ተጀመረ። የተመረጡት 724 ሰዎች ሁሉም ወንዶች ነበሩ! ከ80 ዓመት በላይ ሲከታተሏቸው ኖሩ፤ ደማቸውን ቀዱ፣ ሚስቶቻቸውን ጠየቁ። በ80 ዓመት ጤነኛ ማን እንደሚሆን አስቀድሞ የነገራቸው በ50 ዓመት የነበረው የኮሌስትሮል መጠን አልነበረም፤ ሰውየው ከሰው ጋር ያለው ፍቅር ነበር! ጽዋ ማኅበርዎን ለመቅረት ምክንያት ሲፈልጉ ይህን ያስታውሱ!

ከጉና የሚነሣው ጉማራ ወደ ጣና ሲወርድ ዋንዛዬ ፍል ውሃን አጠገቡ ያገኛል! ቁርጥማት ያጎበጣቸው አዛውንቶች ከየአቅጣጫው ይመጣሉ። በበቅሎ መጥተው በእግራቸው እንሄዳለን የሚሉም አይጠፉም!

በኛ አገር ልደትን በወጉ መመዝገብ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. ነው! ስለዚህ የጋይንት አዛውንት ዕድሜውን ሲጠይቁት ቁጥር አይነግርዎትም። «ጣሊያን ሲገባ እረኛ ነበርሁ» ይልዎታል። ከዚያ እርስዎ ይደምሩ! በማስረጃ የተረጋገጠው የዓለም የዕድሜ ባለጸጋ ወንድ ጃፓናዊው ጂሮኤሞን ኪሙራ ነው፤ 116 ዓመት ከ54 ቀን ኖሯል። ከጉና ሥር እሱን የሚበልጥ ኖሮ ከሆነ ወረቀት የለውምና ማንም አይቆጥርለትም!

ጳጉሜን 6 የተወለደ ሰው ደግሞ ልደቱ የሚመጣለት በ4 ዓመት አንዴ ነው! 80 ዓመት የሞላው አያት ገና 20ኛ ልደቱን ያከብራል፤ የልጅ ልጁ ቀድሞታል!