የሴቪሊያው በረኛ፦ የሄልሙት ዱካዳም የሕይወት ታሪክ

በእግር ኳስ ጨዋታ የበረኛ ሥራ ከጓደኞቹ ሁሉ ሥራ የተለየ ነው። አጥቂው ዐሥር ጊዜ ስቶ አንድ ጊዜ ቢያገባ ይመሰገናል፤ በረኛው ግን ዐሥር ጊዜ አድኖ አንድ ጊዜ ቢያመልጠው ወቀሳው በእርሱ ላይ ይወድቃል። ፍጹም ቅጣት ምት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሱን ይከብዳል። ኳሱ ከጎሉ 11 ሜትር ርቆ ይቀመጣል፤ የጎሉ ስፋት 7 ሜትር ከ32 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱም 2 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ነው። ኳሱ ከእግር ተነሥቶ መስመሩን እስኪያልፍ ያለው ጊዜ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በረኛው አይቶ ሳይሆን አስቀድሞ ገምቶ መወርወር ግድ ይሆንበታል። ከአራት ምት ሦስቱ ያህል እንደሚገባ የታወቀ ነው። ይህን ያወቀ ሰው፣ ሄልሙት ዱካዳም የተባለው ሩማንያዊ በረኛ በአንድ ምሽት አራት ምቶችን በተከታታይ ማዳኑን ሲሰማ መደነቁ አይቀርም።

ዱካዳም እ.ኤ.አ. በ1959 በምዕራብ ሩማንያ በአራድ አውራጃ፣ ሴምላክ በምትባል መንደር ተወለደ። መንደሪቱ ለሀንጋሪ ወሰን የቀረበች ስትሆን፣ ሩማንያውያን፣ ሀንጋሪያውያንና ከብዙ ዘመን በፊት መጥተው የሰፈሩ ጀርመናውያን አብረው የሚኖሩባት ናት፤ የዱካዳምም ወገን ከጀርመናውያኑ ነው። በአቅራቢያው ባለችው በአራድ ከተማ ኡታ ለተባለው ቡድን ከተጫወተ በኋላ፣ በ1982 ወደ ዋና ከተማው ወደ ቡካሬስት ሄዶ የጦር ሠራዊቱ ቡድን በሆነው በስቴዋ ገባ። ቁመተ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነበር። ይሁን እንጂ ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈው 2 ጊዜ ብቻ ነው። ከስቴዋ ጋር ግን በ1985 እና በ1986 የአገሪቱን ሻምፒዮናነት አገኘ።

በ1986 ስቴዋ የዴንማርኩን ቬይሌን፣ የሀንጋሪውን ሆንቬድን፣ የፊንላንዱን ኩሲሲንና የቤልጅጉን አንደርሌክትን አሸንፎ ለአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። የፍጻሜው ጨዋታ ሚያዝያ 29 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር ግንቦት 7 ቀን 1986፣ በስፔን አገር በሴቪሊያ ከተማ ሆነ። ተጋጣሚው የዚያው አገር ቡድን ባርሴሎና ነበር። ስለዚህ ከ70,000 ያህል ተመልካች መካከል ከጥቂት ሩማንያውያን በቀር ሁሉም የባርሴሎና ደጋፊ ነበር ማለት ይቻላል። ከምሥራቅ አውሮፓ ቡድኖች መካከል ይህን ዋንጫ እስከዚያ ቀን ድረስ የወሰደ አልነበረም፤ ባርሴሎናም ቢሆን ገና አልወሰደውም ነበርና ድግሱ አስቀድሞ የተደገሰ ይመስል ነበር።

ስለ ጨዋታው ብዙ የሚባል የለም። 90 ደቂቃው፣ ተጨማሪው 30 ደቂቃም ያለ ጎል አለቀ። ሁለቱም ወገን መሸነፍን ስለ ፈራ ለተመልካች አሰልቺ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ዳኛው የመለያውን ምት ሲያዝ ግን ሁሉ ተለወጠ።

መጀመሪያ የመታው የስቴዋው ማዤአሩ ነበር፤ የባርሴሎናው በረኛ ኡሩቲ አዳነበት። የባርሴሎናው አሌክሳንኮ ተከትሎ መታ፤ ዱካዳም ወደ ቀኙ ተወርውሮ መለሰ። በሎኒ ለስቴዋ መታ፤ ኡሩቲ እንደ ገና አዳነ። ፔድራዛ መታ፤ ዱካዳም አሁንም ወደ ቀኙ ወድቆ አወጣ። አራት ምት ተመትቶ አንድም አልገባም! በዚህ ጊዜ ላካቱሽ ኳሱን በኀይል መትቶ ለስቴዋ የመጀመሪያውን ጎል አገባ። ፒቺ አሎንሶ ሲመጣ ዱካዳም ሦስተኛ ጊዜ ወደዚያው ወደ ቀኙ ሄደ፤ ኳሱም ወደዚያው መጣ። ባሊንት ሁለተኛውን ጎል ጨመረ። በመጨረሻ ማርኮስ መታ፤ ዱካዳም አሁን ወደ ግራው ዞሮ አዳነ። ስቴዋ 2 ለ 0 በሆነ ውጤት ዋንጫውን ወሰደ።

ብዙ ሰው ይህን ዕድል ብሎ ያልፈዋል። ዱካዳም ራሱ በኋላ ሲጠየቅ እንዳስረዳው ግን፣ ሥራው በመቺው ቦታ ሆኖ ማሰብ ነበር፤ አንድ በረኛ ወደ ቀኙ ተወርውሮ ካዳነ፣ ተከታዩ መቺ «አሁንስ አቅጣጫውን ይለውጣል» ብሎ ያስባልና ባለበት መጽናት ይጠቅማል። መለወጡ የሚያስፈልገው መቺው ራሱ የነቃ እንደ ሆነ ነው። በነገራችን ላይ ኡሩቲም በዚያች ሌሊት ሁለት ምት አድኗል። በሌላ ቀን ቢሆን ሁለት ማዳን በረኛውን የከተማ መነጋገሪያ ያደርገው ነበር፤ በዚያች ሌሊት ግን ማን አስታወሰው?

ዱካዳም ያን ጊዜ 27 ዓመቱ ነበር፤ ለበረኛ ይህ የጉልምስና መጀመሪያ ነው። ነገር ግን በዚያው ክረምት በቀኝ ክንዱ የደም ሥር ላይ ከባድ ሕመም ደረሰበት። ደሙ ረግቶ ሥሩን ስለ ዘጋው ሐኪሞች ክንዱ እንዳይቆረጥ እስከ መስጋት ደርሰው ነበር። በቀዶ ጥገና ክንዱ ተረፈለት፤ የስቴዋ በረኛነቱ ግን በዚያው አበቃ። ጓደኞቹ በዚያው ዓመት መጨረሻ በቶኪዮ ከአርጀንቲናው ሪቨር ፕሌት ጋር ሲጋጠሙ፣ በ1987ም የአውሮፓን ሱፐር ዋንጫ ሲቀበሉ፣ እርሱ በመካከላቸው አልነበረም።

ነፃ ጋዜጣ በሌለበት አገር የሰው ድንገተኛ መሰወር ወሬ ይወልዳል። ሪያል ማድሪድ ባላንጣው ባርሴሎና ስለ ተሸነፈለት ለዱካዳም አውቶሞቢል ሸልሞት ነበር፤ የአገሪቱ መሪ የኒኮላዬ ቻውሼስኩ ልጅም መኪናዋን ተመኝቶ እንቢ ስላለው እጁን አሰብሮታል፤ ይህ ወሬ ከአገር አገር ዞረ። አገዛዙ በ1989 ከወደቀ በኋላም ወሬው አልሞተም። ዱካዳም ግን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ «ሐሰት ነው፤ የደም ሥር ሕመም ነው» እያለ ሲያስተባብል ኖረ። በወደቀው አገዛዝ ላይ የተነገረውን ወሬ፣ ለራሱ ጀግንነት የሚጨምርለትን፣ ዝም ብሎ ቢያሳልፈው ማን ይከሰው ነበር?

በ1989 ወደ አራድ ተመልሶ ቫጎኑል በተባለው ዝቅ ያለ ቡድን እንደ ገና ጓንቱን አጠለቀ፤ ሁለት ዓመት ያህልም ተጫወተ። ከዚያ በኋላ በትውልድ አገሩ የድንበር ፖሊስ መኮንን ሆኖ እስከ ሻለቃ ማዕርግ ደረሰ። የአውሮፓን ዋንጫ ያስገኘ ሰው በሀንጋሪ ድንበር ላይ ተላላፊ ይፈትሽ ነበር ማለት ነው። በ2003 ደግሞ ቤተ ሰቡ የአሜሪካን መኖሪያ ፈቃድ ዕጣ፣ የአገራችን ሰው «ዲቪ» የሚለውን፣ አግኝቶ ወደዚያ ተሻገሩ፤ ሆኖም ብዙ ሳይቆዩ ተመለሱ።

ክብሩ የዘገየ ነበር። በ2008 የሩማንያ ፕሬዚዳንት የስፖርት ኒሻን ሸለመው፤ በ2010ም የቀድሞው ቡድን ፕሬዚዳንት ተባለ፤ ሥራው ግን ከማስተዳደር ይልቅ ቡድኑን በአደባባይ መወከል ነበር። ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር ታኅሣሥ 2 ቀን 2024) በ65 ዓመቱ ዐረፈ። የሞቱን ዜና ያወጡ ጋዜጦች ስሙን የጠሩት ሩማንያውያን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በጠሩበት ቅጽል ነው፦ የሴቪሊያ ጀግና።