ተጨማሪ መረጃ፦ በረሃ ላይ የወረደ ዶፍ

በፓስፊክ ውቅያኖስ የምትገኘው የፖንፔ ደሴት በዓመት ከ4000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የምትገኘው ዱባይ ግን 100 እንኳ አይሞላላትም።

ዝናብ በሚሊሜትር መለካቱ ግራ አያጋባችሁ። የወረደው ውሃ ሳይሰርግ፣ ሳይፈስና ሳይተን ቢቀር መሬቱን የሚሸፍንበት ከፍታ የዝናብ መጠን ይባላል። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊሜትር ዝናብ ልክ 1 ሊትር ነው።

ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. በዱባይ አውሮፕላን ማረፊያ ከ140 ሚሊሜትር በላይ ዘነበ፤ ከዓመት ድርሻዋ የሚበልጥ ዝናብ በአንድ ቀን ወረደ ማለት ነው። በረራዎች ተሰረዙ። በሻርጃ አንዳንድ ሰፈሮች ደግሞ ውሃው ለቀናት ተኝቶ ቆየ። በአል አይን አካባቢ የተለካው 254.8 ሚሊሜትር በአገሪቱ ታሪክ ከተመዘገበው የአንድ ቀን ዝናብ ሁሉ ይበልጣል።

ታዲያ ፖንፔ እንዴት ትችለዋለች? ተራራማ ናት፤ ደን አላት፤ ወንዞቿም ውሃውን ወደ ባሕር ያወርዱታል። በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን ግን አስፋልትና ኮንክሪት ውሃ አያሰርጉም፤ የውሃ መውረጃዎቹም ለእንዲህ ያለ ዶፍ አልተሠሩም። ብዙዎች ጥፋቱን ደመና ላይ ጨው በመርጨት ዝናብ በማብዛት ዘዴ ላይ ጥለውት ነበር። ዘዴው ግን ያለውን ደመና ያግዛል እንጂ ደመና አይፈጥርም፤ ማዕበሉም አስቀድሞ ተተንብዮ ነበር።

በክረምት ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ደጅ አስቀምጡና ያጠራቀመውን ውሃ በማስመሪያ ለኩ። 12 ሚሊሜትር ቢሆን፣ 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ስንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላል?