ስለ ተምችና ስለ እናቱ

ማታ መብራት ሲበራ እየበረረች መጥታ በነበልባሉ ዙሪያ የምትዞረውን ትንሽ ፍጥረት ታውቃላችሁን? ወደ እሳት ገብታ ስለምትቃጠል ሰው የእሳት እራት ብሎ ሰይሟታል፤ ስሙም የተገባ ነው። ወገኗ ብዙ ነው፤ ዛሬ ግን የምንናገረው ተምችን ስለምትወልደው ስለ አንዲቱ ነው።

መልኳ አመድማ ቡናማ ነው፤ የኋላ ክንፎቿ ነጣ ያሉ ናቸው፤ ክንፎቿን ብትዘረጋ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። እርሷ ራሷ እህል አትበላም፤ ውሃና የአበባ ማር ትቀምሳለች እንጂ። እንግዲህ ይህችን ደካማ ማን ይፈራታል? ነገር ግን በሌሊት ወደ ላይ ወጥታ በነፋስ ትጓዛለች፤ ከታንዛኒያና ከኬንያ ተነሥታ ወደ አገራችን የምትደርስም አለች። ዝናብ ያዘለው ነፋስ ብዙዎቹን ሰብስቦ በአንድ ስፍራ ያወርዳቸዋል። ስለዚህ ተምቹ ከዝናብ በኋላ በድንገት ሲታይ ከሰማይ የወረደ ይመስላል፤ እውነቱ ግን እናቱ ቀድማ እንቁላሏን ጥላ ነበር። አንዲቱ ብቻ እስከ 1000 እንቁላል መጣል ይቻላታል።

ትሉ በተፈለፈለ ጊዜ ደቃቅና አረንጓዴ ስለ ሆነ በቅጠል መካከል አይለይም። ብዙ ሆኖ ሲያድግ ግን አካሉ ይጠቁራል፤ እንደ ጭፍራም ሆኖ ከማሳ ወደ ማሳ ይሄዳል። ምግቡ የሣር ወገን ነው፤ ይኸውም ጤፍ፥ ዳጉሳ፥ ገብስ፥ ስንዴ፥ ማሽላ፥ በቆሎና የግጦሽ ሣር ነው። ባቄላንና አተርን ብዙውን ጊዜ አልፎ ይሄዳል።

አባቶቻችን ክፉ ቀን ባሉት ዘመን፥ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.፥ ከብቱን በሽታ ሲጨርሰው አዝመራውን ደግሞ አንበጣና ተምች በሉት። የጎንደርም አገር እጅግ ተጎዳ።

ተምች 2 ወይም 3 ሳምንት ያህል ይበላል፤ ከሚበላውም ሁሉ የሚበዛውን የሚበላው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀኖች ነው። ስለዚህ ትሉ ከጠቆረ በኋላ ያየው ገበሬ ዘግይቷል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሣሩን ገለጥ እያደረገ ይመልከት፤ አረንጓዴውን ትል በብዛት ካገኘ በዚያው ቀን ለአባቱ ይንገር። በማሳው ዳር ቦይ ቢቆፈር የሚጓዘው ተምች ወድቆ ይከማቻል፤ በዚያም ይገደላል። የተረፈው መሬት ውስጥ ገብቶ ያንቀላፋና ከጥቂት ቀን በኋላ ክንፍ አውጥቶ ይበራል።

በ2009 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተነሣ ሌላ ተምች ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ በዚያው ዓመት በአማራ ክልልም ታየ። ይህ በጅራቱ አጠገብ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች አሉት። ከሁሉ ይልቅ በቆሎን ይወዳል፤ እንደ ፊተኛው በሰልፍ አይሄድም፥ በበቆሎው እምብርት ተሸሽጎ ይበላል እንጂ። እርሱን ለማግኘት ለጋውን ቅጠል በእጅ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።